ለሽሮ ሜዳው ሠዓሊ ምስጋና፤ የተማሪዎች ሥዕል ለምታዘጋጁ መምህራንም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው በሽሮ ሜዳ፣ ከሸማ መሸጫዎቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ለሚሠሩ አንድ አዛውንት ሠዓሊ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማድረስ ነው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። «ሥራው ይነገር፣ እኔን ተዪኝ» አሉኝ። ስልክ ቁጥራቸውን ግን ለሚጠይቀኝ ሰው በውስጥ መስመር እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። ተማሪዎቼ «ጋሼ» ስለሚሏቸው እኔም እዚህ ጋሼ እላቸዋለሁ።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የሥነ ጥበብ ክበብ ኃላፊ ነኝ። ዘንድሮ የክበባችን 31 ተማሪዎች የልዩ ልዩ ሕዝቦችን አፈ ታሪካዊ ፍጡራን ሥለው፣ ሥዕሎቹ በአንድ ጥራዝ ታትመው ለዓመቱ መዝጊያ እንዲቀርቡ ታስቦ ነበር። ዕቅዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ግማሽ ገጽ አይሞላም ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ፍጡር ይመርጣል፣ ይሥላል፣ በሦስት ሳምንት ያስረክባል። የመጀመሪያዎቹ ንድፎች ሲመጡ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደርኳቸው። ከ31ዱ 19ኙ አንድ ዓይነት ዘንዶ ናቸው፤ የሌሊት ወፍ ክንፍ ያለው፣ እሳት የሚተፋ፣ ከስልክ ጨዋታ የተቀዳ። ከሥሩ አንዱ «የቻይና»፣ ሌላው «የኢትዮጵያ»፣ ሌላው «የሜክሲኮ» ብሎ ጽፎበታል። ልጆቹን መውቀስ አልቻልኩም። ያልጠየቅኳቸውን ከየት ያምጡት?

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ወደ ጋሼ ጠቆመችኝና ረቡዕ ማታ ሄድኩ። ጋሼ ጎንደር ያደጉ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቀለም እየፈጩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተማሩ ሰው ናቸው። ግማሽ ገጿን ሁለት ጊዜ አነበቧት፤ ከዚያ በጥንቃቄ አጥፈው መለሱልኝ። «ልጄ፣ እዚህ ላይ ፍጡሩ አለ። ባለቤቱስ የት አለ?» አሉኝ።

ሸራቸው ላይ ያላለቀ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ነበር። ነጩ ፈረስ ተጠናቅቋል፤ ብሩታዊት ዛፏ ላይ ተቀምጣለች፤ ዘንዶው ግን ገና በእርሳስ ነው። ጋሼ የብሩሻቸውን እጀታ የዘንዶው ፊት ላይ አሳርፈው ስንት ዓይን እንደማይ ጠየቁኝ። አንድ። የቅዱሱስ? ሁለት። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉ በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን ሳውቀው የኖርኩት ነገር ነው፤ የተማሪ ሥራ ለማቀድ ይረዳኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ጋሼ ካመጣኋቸው ንድፎች «የቻይና» የተባለውን አነሡ። ባለ አንድ ዓይን ነው። «ይህን ልጅ የቻይና ዘንዶ ክፉ ነው ያለው ማን ነው?» አሉ።

ማንም አላለውም። በቻይናውያን ዘንድ ዘንዶ ዝናብ የሚያመጣ፣ ወንዝና ባሕር የሚገዛ፣ መልካም ዕድል ያለው ፍጡር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ክንፍ እንኳን የለውም፤ ያለ ክንፍ በደመና መካከል ይዋኛል። ባለ አምስት ጥፍሩ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ልብስ ላይ የሚጠለፍ የክብር ምልክት ነበር። ልጁ ሳያውቅ የአንዱን ሕዝብ ባለ ጸጋ በሌላው ሕዝብ የኃጢአተኛ ፊት ሥሎታል። ያን ማታ አሮጌው ዕቅድ ተትቶ አዲሱ የተጀመረው በሁለት ጥያቄዎች ነው፤ ይህ ፍጡር የማን ነው? ለእነዚያ ሰዎችስ ምን ይሠራላቸዋል? ሁለቱን ያልመለሰ ተማሪ ቀለም አይነካም።

ሥራው አምስት ቅዳሜ ፈጀ። በመጀመሪያው ቅዳሜ እርሳስ የሚባል ነገር አልተነሣም፤ ልጆቹ በየቤታቸው ካሉ አዋቂዎች የሰሙትን ይዘው መጥተው ተናገሩ። ቤተሰቧ ከአድዋ አካባቢ የሆነ አንዲት ተማሪ የደብረ ዳሞን ነገር አመጣች። ወንድ አያቷ በጠፍር ገመድ ተጎትተው ወደ ገዳሙ ወጥተው ያውቃሉ። አቡነ አረጋዊ ግን መጀመሪያ ወደዚያ አምባ የወጡት በዘንዶ ጅራት ተይዘው እንደሆነ አያቷ ነግረዋታል። ይህን ተናግራ ልትቀመጥ ስትል ቆም አለችና «ጋሼ፣ ዘንዶ ክፉ ከሆነ አባታችንን ለምን አወጣቸው?» ብላ ጠየቀች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጋሼ ተነሥተው ጥቁር ሰሌዳውን በሁለት መስመር ለሦስት ከፈሉት። በአንደኛው በፈረሱ እግር ሥር የተወጋው ዘንዶ። በሁለተኛው ገደሉ ላይ ተዘርግቶ ጻድቁን የሚያወጣው። በሦስተኛው ደግሞ አርዌ፣ ከንግሥተ ሳባ በፊት በአክሱም ነግሦ ከሕዝቡ ግብር ይበላ ነበር የሚባልለት። ሦስቱም የእኛው ናቸው፤ ሦስቱም ሥራቸው የተለያየ ነው። ያ ሰሌዳ የጥራዛችን የመጀመሪያ ሁለት ገጽ ሆነ። የአቡነ አረጋዊን ዘንዶ የሣለችው ራሷ ጠያቂዋ ናት፤ ሁለት ዓይን ሰጠችው።

ጋሼ የሠሩልን ሌላው ትልቅ ነገር ሥራው የተጠራበትን ስም ማረማቸው ነው። ሁሉንም «አፈ ታሪክ» ማለቴን አልወደዱትም። ልጆቹ ያመጡትን በሦስት ክምር እንዲለዩ አደረጉ፤ ባለቤቶቹ ተረት ብለው የሚያወሩት፣ ታሪክ ብለው የሚያወሱት፣ የሚጸልዩበት። ሦስተኛው ክምር ውስጥ የገባውን ለመሣል መጀመሪያ ከእምነቱ ሰዎች ፈቃድ ይጠየቃል። አንዲት ሙስሊም ተማሪዬ ነቢዩ ሙሐመድ ተቀምጠውበት ተጉዘዋል የሚባለውን ቡራቅን መርጣ ነበር። ጋሼ «ቤትሽ ጠይቂ፣ የሚሉሽን ታደርጊያለሽ» አሏት። ከአባቷ ጋር ተነጋግራ ቡራቅን ላለመሣል ወስና መጣችና የኢንዶኔዥያን ጋሩዳ ያዘች። በመጨረሻ ከሁሉም ይበልጥ የተደከመበት ሥዕል የእርሷ ሆነ። ጋሩዳ ከሕንድ የጥንት ትረካዎች የመጣ ታላቅ ወፍ ነው፤ በኢንዶኔዥያ የመንግሥት አርማ ላይ ሲቀመጥ ግን ላባው ተቆጥሮ ነው። በእያንዳንዱ ክንፍ 17፣ በጅራቱ 8፣ ከጋሻው ሥር 19፣ በአንገቱ 45። አገሪቱ ነፃነቷን ያወጀችበት ቀን ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነሐሴ 17 ቀን 1945። ልጅቷ የአንገቱን ላባ ሦስት ጊዜ ፍቃ ሦስት ጊዜ ቆጥራለች።

ሌላው ልጅ ቅዱስ ሱስንዮስ ሕፃናትን ትገድላለች የምትባለውን ውርዝልያን ሲወጋ የሚያሳየውን የክታብ ሥዕል ሊገለብጥ ፈልጎ ነበር። ጋሼ ከሣጥናቸው አንድ አሮጌ ክታብ አውጥተው መሬት ላይ ዘረጉት። ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ እንደሚዘጋጅ ነገሩትና አጠገቡ ቁሞ እንዲለካው አደረጉ፤ ክታቡ ትከሻው ላይ ደረሰ። «ይህ የአንዲት ሴት ቁመት ነው። ሕፃናት እየሞቱባት ያስጻፈችው ይሆናል» አሉት። ልጁ ፈረሰኛውን ሣለ፤ ጸሎቱንና የጠልሰሙን ምልክቶች ግን በራሱ ፈቃድ ተዋቸው። ማንም አላስገደደውም።

በቅርብ ያየሁትን አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ዝም የሚል፣ እጁ ግን ድንቅ የሆነ ተማሪ አለኝ። የአሦር ነገሥታት በበሮቻቸው ያቆሟቸውን ላማሱን መርጦ ነበር፤ የሰው ራስ፣ የንስር ክንፍ፣ የበሬ አካል። ከዛሬዋ ኢራቅ፣ ከኮርሳባድ ወጥተው ፓሪስ በሉቭር ሙዚየም ካሉት የአንዱን ፎቶግራፍ እያየ ሲሥል እግሮቹን ቆጠረ። አምስት ሆኑበት። ተሳስቻለሁ ብሎ አንዱን በላጲስ ማጥፋት ሲጀምር ጋሼ እጁን ያዙት። አንድ ወንበር ክፍሉ መካከል አቆሙና መጀመሪያ ከፊት ለፊቱ፣ ከዚያ ከጎኑ እንዲቆም አደረጉት። ሐውልቱን ከፊት ለሚያየው ሰው ሁለት እግሮቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ዘብ ነው። ከጎን ለሚያየው አራት እግሮቹ ይራመዳሉ፤ ይመጣል። ድንጋይ ጠራቢው ሁለቱንም ለማሳየት አምስተኛውን እግር ጨመረ። ልጁ ወንበሩን ሁለት ጊዜ ዞረው። ከዚያ ተቀምጦ ያጠፋውን እግር መልሶ ሣለው። ወረቀቱ በዚያ ቦታ ሳስቷል፤ ሌላ ወረቀት ልስጥህ ስለው አልፈለገም። በጥራዙ ላይም ያ ቦታ ትንሽ ነጣ ብሎ ይታያል።

ስለ አሠራሩ ለመምህራን የሚጠቅመውን በአጭሩ ልጥቀስ። ሁለተኛው ቅዳሜ የንድፍ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ የክብሪት ቀፎ የምታክል ሳጥን እያሰመረ ዘጠኝ ትንንሽ ንድፍ ይሠራል፣ አንዱን ይመርጣል፣ ለምን እንደመረጠው ለጎረቤቱ ይነግራል። ለንድፍ ርካሹ ወረቀት ይበቃል፤ ወፍራሙ የሚገዛው ለመጨረሻው ሥዕል ብቻ ነው፤ ይህም ወጪያችንን በእጅጉ ቀነሰው። ቀለሙ አራት ብቻ ሆነ፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር። ከየሥዕሉ ሥር የፍጡሩ ስም በባለቤቶቹ አጠራር፣ የሕዝቡ ስምና ነገሩን ለተማሪው የነገረው ሰው ይጻፋል። በዙሪያው ሁለት ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይተዋል። ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም፤ ባለፈው ዓመት አንድ ማተሚያ ቤት ጠርዝ ሲያስተካክል የ11 ልጆችን ሥዕል ቆርጦብናል፤ አንዲት ልጅ የሣለቻት እናት ያለ እጅ ነው የወጣችው። ልጅቷ ጥራዙን ወደ ቤቷ አልወሰደችውም። ዘንድሮ አንድም ሥዕል አልተነካም።

ጋሼን ለምታነጋግሩ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ቸኩሎ ለመጣ ሰው አይሆኑም። ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ካላችሁ «አልችልም» ይሏችኋል፤ ልመናም አይለውጣቸውም። ልጆቹን ወክለው አይሥሉም፤ በአምስቱ ቅዳሜ የማንንም ወረቀት በእርሳስ ሲነኩ አላየሁም። ክፍያቸው ተመጣጣኝ ነው፣ ግማሹን በቅድሚያ ይቀበላሉ። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ለቅሶ ገጥሟቸው ሲቀሩ የዚያን ቀን ሒሳብ ሳልጠይቅ መለሱልኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ጠዋትም ከሰዓት በኋላም ቆይተው የጎደለውን ሞሉ። ገንዘቡን መልሼ ልስጥ ብል እምቢ አሉ።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ እንደምታነብልዎ አውቃለሁ። እነዚያን 31 ልጆች እንደ ሙያ ጓደኛ አክብረው ስላነጋገሯቸው ከልቤ አመሰግንዎታለሁ። እኔንም ግማሽ ገጼን አጥፈው ሲመልሱልኝ አላሳፈሩኝም። ባለ ላማሱው ልጅ ክረምቱን እርስዎ ዘንድ ቀለም መፍጨት መማር ይችል እንደሆነ እንድጠይቅለት ለምኖኛል፤ ወላጆቹ ተስማምተዋል።

ቁጥራቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የጽሑፍ መልእክት አያነቡም፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ደውሉላቸው፣ ከዚያ በፊት እጃቸው ቀለም ላይ ነው። የሐምሌ ቅዳሜዎች ተይዘዋል፤ ከነሐሴ ጀምሮ ክፍት ናቸው።