ከ9 ወርና ከ11,400 ኪሎ ሜትር በኋላ፦ በልኬት የተሠራ 4ኤ-ጂኢ ሞተር

ሞተሩ በፈረንጆች 1980ዎቹ መጨረሻ በተመረተ ቶዮታ ኮሮላ ላይ ያለ 4ኤ-ጂኢ ነው፤ 1,587 ሲሲ፣ 16 ቫልቮላ፣ ዙር የሚወድ። ሙሉ ኦቨርሆል (ተፈቶ እንደ አዲስ መሠራት) ተደርጎለት ከተገጠመ 9 ወሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚነዳው በሜክሲኮ፣ በለገሃርና በፒያሳ ጭንቅንቅ ውስጥ ሲሆን ቀሪው በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ነው። እስካሁን ጤነኛ ነው። ጤንነቱን በእርግጠኝነት ለመናገር ያስቻለው ደግሞ ሠሪው ሲያስረክብ አብሮ የሰጠው አንድ ገጽ የልኬት ወረቀት ነው። ሞተር ሠሪ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው፦ «ሲያስረክቡ የለኩትን ጽፈው ይሰጡኛል?» ጥያቄው ያስቀየመው ሠሪ ካለ ሌላ ጋራዥ መሄድ ይሻላል።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለውን ሞተር በአግባቡ ማሠራት የበለጠ ዋጋ አለው። ሞተሩን ሳይፈታ፣ ሲሊንደሩን ሳይለካ ቁርጥ ዋጋ የሚናገር ሠሪ ግን ከወዲሁ ሊጠረጠር ይገባል። ብሎኩ ይቦረቦራል ወይስ በሆኒንግ (የሲሊንደሩን ግድግዳ በስሱ በመሞረድ) ብቻ ይድናል? ክራንክሻፍቱ ይላጋል ወይስ ባለበት ያገለግላል? መልሱ የሚታወቀው ተፈቶ ሲለካ ነው።

ብዙ ሞተር የሚበላሸው በቅደም ተከተል ስህተት ነው። ብሎኩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተቦርቡሮ ይመጣል፤ ፒስተኑ ከዚያ በኋላ መለዋወጫ ተራው ሶማሌ ተራ ይፈለጋል። የተገኘው ፒስተን ከተቦረቦረው ልክ ጋር በመቶኛ ሚሊ ሜትሮች ቢለያይ፣ ሲጠብ በሙቀት ይነክሳል፣ ሲሰፋ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ያንኳኳል። ትክክለኛው መንገድ አራቱን ፒስተኖች አስቀድሞ ገዝቶ፣ እያንዳንዱን በማይክሮሜትር ለክቶ፣ እያንዳንዱን ሲሊንደር ለራሱ ፒስተን መቦርቦር ነው። እዚህ ሞተር ላይ ባለ 0.5 ሚሊ ሜትር ጭማሪ ፒስተን ስለገባ ዲያሜትሩ ከ81 ወደ 81.5፣ ጠቅላላ መጠኑም ወደ 1,607 ሲሲ ደርሷል። ወረቀቱ ላይ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ስድስት ንባብ አለ፤ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ። ሲሊንደሩ ሞላላ ወይም ወደ ታች የጠበበ መሆኑን የሚያሳየው ይህ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ለክቶ «ደርሷል» የሚል ቶርኖ ቤት አይታመንም።

ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ከካርቶን ወጥቶ በቀጥታ አይገባም። ሲሊንደሩ ውስጥ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ የጫፎቹ ክፍተት በፊለር ጌጅ (በስስ የብረት መለኪያ ምላስ) ይለካል፤ እዚህ የላይኛው 0.32 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ ካነሰ ፋሻው ሲግል ጫፍና ጫፉ ይጋጠምና ግድግዳውን ይፍቃል። የክራንክሻፍቱ ዋና ማረፊያ 48 ሚሊ ሜትር ሲሆን የብሮንዙ (ክራንክሻፍቱ የሚዞርበት ስስ የማረፊያ ቅርፊት) የዘይት ክፍተት 0.04 ላይ ቆሟል። ብሎኖቹ የተጠበቁት በቶርክ ቁልፍ ነው፦ የዋናው ማረፊያ 60 ኒውተን ሜትር፤ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ደግሞ 29 ኒውተን ሜትር ከተጠበቀ በኋላ 90 ዲግሪ፣ ከዚያ እንደገና 90 ዲግሪ። «እጄ ያውቀዋል» የሚባልበት ቦታ አይደለም። የቴስታታው ብሎኖች አጠባበቅ ሲዛነፍ ጓርኒሲዮኑ (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይነፋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላው ነገር የኮምፕሬሽን (ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ንባብ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛውን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ስለዚህ በባሕር ወለል 13 ባር የሚያሳይ ሞተር እዚህ 10 ባር አካባቢ ያሳያል። የፋብሪካውን መጽሐፍ ይዞ «ደክሟል» ማለት ጤነኛ ሞተር ማስፈታት ነው። ሲረከብ የነበረው ንባብ 9.9፣ 10.0፣ 9.8፣ 10.1 ሲሆን አሁን 9.8፣ 9.9፣ 9.8፣ 10.0 ነው። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ የአራቱ መቀራረብ ይበልጣል። ሲለካ ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ጋዙ እስከ መጨረሻ ተረግጦ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ መሆን አለበት፤ ጋዙ ካልተረገጠ ንባቡ በሐሰት ዝቅ ይላል።

የመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች በሚኒራል ዘይት አለፉ። ፋሻ የሚቀመጠው በጭነት ስለሆነ ከለገሃር ወደ ፒያሳ ያለው ዳገት ሥራውን አግዟል፤ ቆሞ ማሞቅና ስሎ ላይ (ጋዝ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር) መተው ግን ሲሊንደሩን ያለሰልሰዋል፣ ፋሻውም ሳይቀመጥ ይቀራል። በ500 ዘይቱ ሲቀየር ፊልትሮው ተቀድዶ ታየ፤ ስስ ግራጫ ብናኝ ብቻ ነበር። የሚያብረቀርቅ የመዳብ መልክ ቅንጣት ቢኖር የብሮንዝ ምልክት ስለሆነ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት ነበረበት። እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር 0.4 ሊትር ያህል ዘይት ጠጥቷል፤ አሁን በ1,000 ኪሎ ሜትር ከ0.1 አይበልጥም።

እንከን አለው። በ4ኛው ወር በዲስትሪቢዩተሩ (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ክፍል) ሥር ዘይት ማላብ ጀመረ፤ አሮጌው ኦሪንግ (የላስቲክ ማሸጊያ ቀለበት) ተመልሶ ገብቶ ነበር። ትንሽ ነገር ቢሆንም ሙሉ ኦቨርሆል ተብሎ ዋጋ በተከፈለበት ሥራ ላይ አሮጌ ኦሪንግ መተው ጥሩ አይደለም። ከዚህ የሚከብደው የቫልቮላ ክፍተት ነው። በ6,000 ኪሎ ሜትር ሲለካ ሁለት የጭስ ማውጫ ቫልቮላዎች ወደ 0.18 ጠብበው ተገኙ፤ ልኩ ከ0.20 እስከ 0.30 ነው። አዲስ የተቆረጠ መቀመጫ ላይ ቫልቮላው ሲቀመጥ ወደ ውስጥ ስለሚሰምጥ ክፍተቱ ይጠባል። በዚያው ቢቀር ቫልቮላው በደንብ ሳይዘጋ ይቃጠላል። በቀጭን ሺም (ክፍተቱን የምትወስን የብረት ዝርግ) ተስተካክሏል። ጥሩ ሠሪ ይህን አስቀድሞ ተናግሮ የመመለሻ ቀጠሮ ይሰጣል፤ እዚህ ቀጠሮው አልተሰጠም፣ የታወቀው ባለቤቱ ስላስለካ ነው።

የራዲያተር ክዳን ርካሽ ስለሆነ ይረሳል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን መፍያውን ከ110 በላይ ያደርሰዋል፤ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን በትራፊክ ውስጥ አዲሱን ጓርኒሲዮን ያስበላል። ኦቨርሆል ሲደረግ አብሮ መቀየር አለበት።

ለዚህ ሠሪ ትልቁን ነጥብ የሚያሰጠው ግን ሞተሩን ከመፍታቱ በፊት መኪናው ወዴት ወዴት እንደሚነዳ መጠየቁ ነው። የኮምፕሬሽን ሬሾው 10.3 ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ኢግኒሽኑ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) ቢቀደምም ሞተሩ አያንኳኳም፤ ስለዚህ ጆሮን አምኖ ማስቀደም ያጓጓል። ያው መኪና አዳማን አልፎ ወደ አዋሽ ሲወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ጭነት ላይ ደረቅ ማንኳኳት ይመጣል፤ ፒስተን የሚሰነጠቀውም በዚህ ነው። የኢግኒሽኑ መሠረት፣ የምርመራ ሶኬቱ ቲኢ1 እና ኢ1 ጫፎች ተገናኝተው በታይሚንግ መብራት ሲታይ፣ 10 ዲግሪ ነው፤ እዚያው ተትቷል። ከተማ ውስጥ ትንሽ ጉልበት ይቀራል፣ አዋሽ ላይ ግን ድምፅ የለም። ቀጣዩ የቫልቮላ ልኬት በ15,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቺንጊያውም አብሮ ይታያል።