አፍንጫዬን ይዤ የዞርኩባቸው ሁለት ፋርማሲዎችና አንድ ክሊኒክ

ከስንት ዓመት በኋላ ለሦስት ሳምንት አገር ቤት ገባሁ። አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ሲጀምር ግን ከቅንድቤ በላይ በመዶሻ የሚመታኝ ያለ መሰለኝ። አፍንጫዬ ጥርቅም ብሏል። ሻንጣዬን ላነሳ ጎንበስ ስል ፊቴ ሊፈነዳ ደረሰ። ሳይነስ ያለበት ሰው ያውቀዋል።

ስለ ሆቴልና ስለ ታክሲ የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ የማወራው ስለ አፍንጫዬ ነው።

የመጀመሪያው ፋርማሲ ፍጥነቱ ግሩም ነው። "ሳይነስ..." ከማለቴ ክሎርፌኒራሚን የሚባለው ትንሽ የአለርጂ ክኒን ተቆጥሮ ተሰጠኝ። "በቀን ሦስቴ።" አለቀ። ግፊት አለብህ ወይ፣ መኪና ትነዳለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ዋጥኩት። ንፍጡ ቀነሰ፤ እኔም እራት ላይ ቁጭ ብዬ አንቀላፋሁ። አፌ ኩበት ሆነ። የግንባሬ ጫና ግን ንቅንቅ አላለም። እንደውም የቀረው ንፍጥ ወፍሮ አልወጣም አለ። በማግስቱ የወንድሜን መኪና ልነዳ ነበር፤ ቁልፉን መለስኩለት።

ሁለተኛው ፋርማሲ ውስጥ አንዲት ወጣት ፋርማሲስት አገኘሁ። "ሌላ የአለርጂ ክኒን ስጪኝ፣ የማያስተኛ" አልኳት። አልሰጠችኝም።

"ጋሼ፣ ያሳክክዎታል? ያስነጥስዎታል? ዓይንዎ ያለቅሳል?"

"ኧረ የለም፤ ዝም ብሎ ታፍኗል።"

ወረቀት ጠቅልላ ቱቦ ሠራች። ከዚያ በሁለት ጣቷ ከውጭ ጨመቀችው። "የታፈኑት በፈሳሽ ብቻ አይደለም። የአፍንጫዎ ግድግዳ ነው ያበጠው፤ የደም ስሮቹ ተነፍተዋል። ሳይነሱ፣ ማለት በፊትዎ አጥንት ውስጥ ያለው ባዶ ክፍል፣ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ እሱም ይዘጋል። ጫናው ከዚያ ነው።" የአለርጂ ክኒን ሂስታሚንን፣ አለርጂ ሲነሳ ሰውነት የሚለቀውን ንጥረ ነገር፣ ነው የሚከለክለው። ለማሳከክ፣ ለማስነጠስ፣ ውሃ ውሃ ለሚለው ንፍጥ ጎበዝ ነው፤ ለዚህ እብጠት ግን እምብዛም። ሴትሪዚንና ሎራታዲንም፣ በቀን አንዴ 10 ሚሊግራም የሚወሰዱት፣ እንቅልፋቸው ቢቀንስም በዚህ በኩል ያው ናቸው። አለርጂ ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር።

"አፍንጫ የሚከፍተው ክኒን፣ ሱዶኤፌድሪንስ?" አልኳት፣ አዋቂ መስዬ። ግፊት እንዳለብኝ ጠየቀች። አለብኝ። "እንግዲያው ይቅርብዎ፤ ግፊት ይጨምራል።" ከሻንጣዬ ያወጣሁትን ፌኒሌፍሪን ያለበት የጉንፋን ክኒንም አሳየኋት። ፈገግ አለች። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. በአፍ ሲወሰድ አፍንጫ አይከፍትም ብሎ ከገበያ እንዲወጣ ሐሳብ ያቀረበበት ነው። እኔ ለዓመታት በሻንጣ ተሸክሜዋለሁ!

እብጠቱን የሚቀንስ የስቴሮይድ የአፍንጫ ስፕሬይና የጨው ውሃ ማጠቢያ ይዤ ወጣሁ። ስፕሬዩ በአንድ ቀን ተአምር እንደማይሠራ ነገረችኝ። አነፋፉንም አሳየችኝ፦ በቀኝ እጅ ለግራው ቀዳዳ፣ ጫፉ ወደ ጆሮ አቅጣጫ፣ መሃል ያለውን አጥንት ሳይነካ። ለማጠቢያው ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን አለች። ቶሎ የሚከፍተውን ጠብታ ደግሞ ሳልጠይቃት አነሳችው፤ ከጥቂት ቀን በላይ ከተጠቀሙበት አፍንጫው ተመልሶ ይብሳል፣ ያኔ ያለ ጠብታ መተንፈስ ያቅታል። እኔ ደግሞ ግፊት አለብኝ። ተውኩት።

"አሥር ቀን ካለፈው፣ ወይ ተሽሎዎት መልሶ ከባሰ ሐኪም ይዩ። ዓይንዎ ዙሪያ ካበጠ ግን አንድ ቀንም አይጠብቁ" ብላ ሸኘችኝ።

እኔ ትዕግሥት የለኝም፤ በማግስቱ ክሊኒክ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ቁጭ አልኩ፤ ካርዴ ጠፍቶ ኖሮ ከእኔ በኋላ የመጡት ሁሉ ገቡ። ይቅርታ ያለ ሰው የለም። ሐኪሙ ግን ጥሩ ነበር። ጉንጬን ተጫነ፣ አፍንጫዬን በመብራት አየ። "ቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አያስፈልግህም" አለኝ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል፣ ሌላው ፋርማሲስቷ ያለችው። ለዚህ ነው እንግዲህ ሁለት ሰዓት የተቀመጥኩት።

ለመጀመሪያው ፋርማሲ ከአምስት ኮከብ አንድ፣ ለክሊኒኩ ሦስት (ሁሉም የሐኪሙ ናቸው)፣ ለልጅቷ አምስት። ስፕሬዩ ይሁን፣ የጨው ውሃው ይሁን፣ ወይ ቫይረሱ ጊዜውን ጨርሶ ይሁን አላውቅም፤ በስድስተኛው ቀን ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አሰርኩ። ፊቴ ዝም አለ።