የሠርግ ቪዲዮ ለድሮ ዲቪዲ ዴክ፦ ፎቶ ቤት፣ ነፃ ሶፍትዌር ወይስ የሚገዛው?

አክስቴ ሰንዳፋ ነው የሚኖሩት። የእህቴ ሠርግ ላይ ጉልበታቸው አሟቸው ስለቀሩ ቪዲዮውን አደርስልዎታለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። እዚሁ ለገጣፎ ፎቶ ቤት ገብቼ ከፍላሽ ወደ ዲስክ አስገለበጥኩ። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ «አልቋል» አሉኝ። መጠርጠር የነበረብኝ እዚያ ላይ ነበር። ማታ አክስቴ ደወሉ።

«ልጄ፣ ዴኩ ይሽከረከርና ይሽከረከርና እንግሊዝኛ ጽፎ ቁጭ ይላል።»

ፎቶ ቤቱ ፋይሉን እንዳለ ዲስኩ ላይ ኮፒ አድርጎ ነው የሰጠኝ። ኮፒ ማድረግና ዲቪዲ መሥራት ግን ለየቅል ናቸው። ከካሜራ ወይም ከስልክ የሚወጣው ኤምፒ4 በጣም የተጨመቀ ነው። የድሮ ዲቪዲ ማጫወቻ የሚያውቀው ኤምፔግ-2 የሚባለውን የቆየ የቪዲዮ አጨማመቅ ነው። ምስሉ 720 በ576፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም መሆን አለበት፤ ይህ እኛ አገር የምንጠቀምበት ፓል የሚባለው የቴሌቪዥን ልክ ነው። ዲስኩ ውስጥም «ቪዲዮ_ቲኤስ» የሚባል ፎልደር ይፈልጋል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የማጫወቻውን ፊት እዩ። የፍላሽ ቀዳዳ ካለውና «ዲቪኤክስ» የሚል ምልክት ከተለጠፈበት ኤቪአይ ፋይል በፍላሽ ሊያጫውት ይችላል። ያኔ ዲስክም አያስፈልግ። የአክስቴ ዴክ ሁለቱም የለውም።

ፎቶ ቤት ማሠራት

ኮምፒውተር ለሌለው ወይም አንድ ዲስክ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይሄ ይሻላል። ግን አጠያየቁን እወቁበት። «ገልብጡልኝ» አትበሉ። «በዲቪዲ ማጫወቻ የሚከፈት አድርጉልኝ» በሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ዲስኩን እነሱ ኮምፒውተር ላይ አስከፍቱ። «ቪዲዮ_ቲኤስ» ፎልደር ውስጥ መጨረሻቸው ቪኦቢ፣ አይኤፍኦና ቢዩፒ የሆኑ ፋይሎች ካሉ ደህና ነው። ኤምፒ4 ብቻውን ከተቀመጠ መልሱላቸው።

ዲቪዲስታይለር

የእኔ ምርጫ ይሄ ዲቪዲ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፤ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። ፋይሉን ጎትታችሁ ትጥሉበታላችሁ፣ ፓል ትመርጣላችሁ፣ ሜኑ ትሠራላችሁ፣ ኮንቨርት ማድረጉን ለራሱ ትተዉለታላችሁ። ርዕሱን በአማርኛ ስትጽፉ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ምረጡ፣ ለምሳሌ ኒያላን፤ አለዚያ ባዶ ሳጥን ሊደረድር ይችላል። የፋይሉን ስም ግን በላቲን ፊደል ብታደርጉት ከጣጣ ያድናል።

ችግሩ ጊዜ ነው። በእኔ አሮጌ ላፕቶፕ የሁለት ሰዓት ሠርግ ለመቀየር ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እኛ ሰፈር ደግሞ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ስለዚህ በቀጥታ ዲስክ ላይ አታቃጥሉ (አትጻፉ)። መጀመሪያ «አይኤስኦ»፣ ማለትም ሙሉውን ዲስክ የያዘ አንድ ፋይል፣ እንዲያወጣ አድርጉ፤ ፕሮግራሙ ምርጫውን ይሰጣችኋል። ከዚያ በኋላ ማቃጠሉ በ4 ኤክስ ፍጥነት ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። መብራት ቢሄድ እንኳ የሚበላሸው አንድ ባዶ ዲስክ ነው እንጂ የሦስት ሰዓት ልፋት አይደለም።

አዳዲስ ላፕቶፖች ዲቪዲ ራይተር የላቸውም። እኔም የለኝም። ስለዚህ ቤት ሠርቼ በፍላሽ ወስጄ ፎቶ ቤት አቃጠልኩ። እዚያም አንድ ወጥመድ አለ፦ ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። የሞላ አይኤስኦ ደግሞ ከዚያ ያልፋል። «ቦታ የለም» ሲለኝ ግማሹ ባዶ የሆነ ፍላሽ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። መፍትሔው በአይኤስኦው ፈንታ «ቪዲዮ_ቲኤስ» ፎልደሩን መውሰድ ነው፤ ቪኦቢዎቹ እያንዳንዳቸው ከ1 ጊጋ አይበልጡም።

የሚገዛው

ኮንቨርትኤክስቱዲቪዲ የሚባለው ፕሮግራም ለጀማሪ ይቀላል፤ ብዙም ሳትነካኩት ከፋይል እስከተቃጠለ ዲስክ ያደርሳችኋል። በየሳምንቱ ሠርግ የሚቀርፅ ሰው ቢገዛው አይቆጨውም። ለአንድ ቤተሰብ ግን በውጭ ምንዛሪ ከፍሎ መግዛት፣ ያውም የውጭ ክፍያ የሚሠራ ካርድ ፍለጋ፣ ድካሙ አያዋጣም። የሙከራው ቅጂ ደግሞ ምስሉ ላይ የራሱን ምልክት ያትማል። ሙሽሪት ፊት ላይ ማስታወቂያ ማን ይፈልጋል?

ከነፃዎቹ ደግሞ ኤፍኤፍኤምፔግ አለ፤ ትእዛዝ እየተጻፈለት የሚሠራ ፕሮግራም ነው፣ የሚያውቀው ያውቀዋል። በአንድ መስመር ትእዛዝ ወደ ፓል ዲቪዲ ይቀይራል፣ ነፃም ነው። ግን ፎልደሩን አይሠራም፤ ሌላ ፕሮግራም መጨመር አለባችሁ። ራሱ የሚመርጠው ልክ (ለአንድ ሴኮንድ ቪዲዮ የሚወስደው ዳታ) 6 ሜጋቢት ስለሆነ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም ያለፈ ቪዲዮ አንድ ዲስክ ላይ አይገባም። ሃንድብሬክ የሚባለውን ፕሮግራም ለማውረድ ብላችሁ ዳታ አታባክኑ፤ እሱ እንደ ኤምፒ4ና ኤምኬቪ ያሉ ፋይሎችን ነው የሚያወጣው፣ ዲቪዲ አይሠራም።

ስንት ሰዓት በአንድ ዲስክ?

ጥራቱን የሚወስነው ከሶፍትዌሩ ይልቅ ይሄ ነው። ተራው ዲስክ 4.7 ጊጋ ይባላል፤ ዊንዶውስ 4.38 ብሎ ያሳየዋል። ሁለት ሰዓት ስትከቱበት በሴኮንድ 5 ሜጋቢት ገደማ ይደርሰዋል፤ ጥሩ ነው። አራት ሰዓት ከጠቀጠቃችሁበት ግን በግማሽ ይወርዳል። ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሰው ምንም አይሆንም። እስክስታው ሲመጣ ነው ጉዱ፤ ትከሻው ሁሉ ትንንሽ ሳጥን ይሆናል። የእኛ ሠርግ ደግሞ ረጅም ነው። ሠርጉን በአንድ፣ መልሱን በሌላ ዲስክ አድርጉት። ፎቶ ቤት ካሠራችሁም ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ዲስክ ለመቆጠብ አንዱ ላይ ማጨቅ የሚወዱ አሉ።

ባዶ ዲስክ ስትገዙ ማይነስ አር (DVD-R) የሚለውን ምረጡ። የድሮ ዴኮች ብዙ ጊዜ ከፕላሱ ይልቅ እሱን ይቀበላሉ። ዋናውን ኤምፒ4 ደግሞ እንዳትደመስሱት፤ ዲቪዲው ከሱ ያነሰ ጥራት ነው ያለው።

እኔ በመጨረሻ ሁለት ዲስክ ሠርቼ ሰንዳፋ ላክሁ። ማታ ስልክ ተደወለ።

«ልጄ፣ ከፈተልኝ! እልል ብያለሁ። ግን ሙሽራዋ ምነው እንዲህ ቀጠነች? አሟታል እንዴ?»

ቪዲዮው 16 በ9 ነው፤ የሳቸው ቴሌቪዥን ኋላው ትልቁ የድሮው፣ 4 በ3 ነው። ዴኩ ለሰፊ ቴሌቪዥን ተስተካክሎ ስለነበር ሰውን ሁሉ ጨምቆ አስረዘመው። የጎረቤት ልጅ ተጠርቶ በስልክ እየነገርኩት ሴቲንግ ውስጥ ገባና «4፡3 ሌተርቦክስ» የሚለውን መረጠ። ከላይና ከታች ጥቁር መጣ፣ እህቴም ወደ ቦታዋ ተመለሰች።