ጎንደር ውስጥ ዓሣ ለምታሳድጉ፦ ለፒያሳው ባለሙያ ምስጋናና ጥቆማ

ፒያሳ አካባቢ የመስታወት ገንዳ የሚሠራውንና ዓሣም የሚያቀርበውን ወንድማችንን በአደባባይ ልናመሰግነው እንወዳለን። እጁ የተባረከ ነው። ከሁሉ በላይ የምናከብረው ግን «ሻርክ» ተብሎ የተጠየቀውን ዓሣ ማንነቱን ሳያጣራ፣ ነገ የት እንደሚደርስም ሳይናገር ስለማይሸጥ ነው።

በዚህ ስም የሚመጣው ብርማ ዓሣ ሻርክ አይደለም። የሜኮንግና የቻኦ ፕራያ ወንዞች ፓንጋሲየስ ነው፤ የጣናው አምባዛ የሩቅ ዘመድ። ሲገዛ ጣት ያህላል፤ ሲያድግ እስከ 130 ሴንቲ ሜትርና 44 ኪሎ ይደርሳል። ባለሙያው ዓሣውን ጠባብ መስታወት ውስጥ አድርጎ በጎን ፎቶ ያነሳና ጢሙን ይቆጥራል። አራት ከሆነ የፓንጋሲየስ ወገን ነው። ስምንት ጢምና ቀይ ጅራት ካለው የእስያው ቀይ ጅራት ነው፤ ስድስት ጢም፣ ነጣ ያለ ጎንና ቀይ ጅራት ያለው ግን የደቡብ አሜሪካው። ሁለቱም ከ1 ሜትር ያልፋሉ፤ አፋቸው የቻለውን ዓሣ ሁሉ ይውጣሉ። የአገጭ ጢሞች ትንንሽ ስለሆኑ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ከፓንጋሲየሶቹ መካከል የጀርባ ክንፉ ጫፍ እንደ ክር የረዘመው እስከ 3 ሜትር የሚያድገው ሳኒትዎንግሴ ነው፤ ያንን ለቤት አይሸጥም። ትክክል ነው እንላለን።

150 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 540 ሊትር ይይዛል፤ ውሃው ብቻ ከ5 ኩንታል በላይ ይመዝናል። ይህ ለፓንጋሲየስ የልጅነት ማቆያ እንጂ ቋሚ ቤት አለመሆኑን በግልጽ ይናገራል። ዓሣው ደንጋጣ ስለሆነ ከመስታወት ጋር ተላትሞ አፍንጫው ይቆስላል፤ ስለዚህ ገንዳውን ከበር ያርቃል፣ ጀርባውንና ጎኖቹን ይሸፍናል፣ ስለታም ድንጋይ አያስገባም።

የጎንደርን ከፍታ ከልቡ ያስባል። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ጠለል ደረጃ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ እዚህ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ግን ከ6 ተኩል አይዘልም። ለነጭ ነጠብጣብ በሽታ ውሃውን ሲያሞቅ ኦክስጅኑ የበለጠ ይቀንሳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የአየር ፓምፕ ይጨምራል። በመድኃኒቱ ውስጥ የሚገኙት መዳብና ማላካይት ግሪን የተባለው ቀለም ቅርፊት የሌለውን ዓሣ ይጎዱታልና መድኃኒቱን በግማሽ መጠን ይጀምራል። በአንድ ትልቅ ሂተር ፈንታ ሁለት ባለ 300 ዋት ያስገባል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሌሊቱን ያሻግራል። ዓሣው እንዳይሰብራቸውም በተበሳ የፕላስቲክ ቱቦ ይከልላቸዋል።

መብራት ሲጠፋ ምግብ ይቆማል፣ የባትሪ አየር ፓምፕ ይነሳል። ለሰዓታት የቆመ ዝግ ፊልተር (የውሃ ማጣሪያ) ውስጡ ይበላሻል፤ ሳይታጠብ ከተነሳ መርዙን ገንዳው ውስጥ ይለቃል። የፊልተሩ ስፖንጅ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ነው፤ የቧንቧው ክሎሪን ጠቃሚ ባክቴሪያውን ይገድላል። ለሳምንቱ 30 በመቶ ቅየራ የሚሆነውን ውሃ በሮቶ አጠራቅሞ 24 ሰዓት አየር መንፋት ነው።

ያደገባችሁን ዓሣ አንገረብ ወይም መገጭ ውስጥ አትልቀቁ፤ መገጭ ጣና ነው የሚገባው። እሱ ጋ ብትወስዱት ሰፊ ገንዳ ያለው ሰው ይፈልጋል። ስትሄዱ የዓሣውን የጎን ፎቶ፣ የገንዳውን ልክና ንጋት ላይ የለካችሁትን የውሃ ሙቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነዚህን ነው።