ፒንክ ዜድ 2፦ ለዳታ ፍሰት የተመረጠ ኤፍፒጂኤ ቦርድ በጣና ዳር ሥራ ላይ

እምቦጭ የጣናን ዳርቻ ምን ያህል እንደሸፈነ ከጀልባ ላይ በሚቀረጽ ቪዲዮ ለመለካት ስነሣ ያሳሰበኝ ካሜራው ሳይሆን ምስሉን በቅጽበት የሚያሰላው መሣሪያ ነበር። 1280 በ720 የሆነ ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ ሲመጣ፣ ለአንድ ፒክስል 3 ባይት ተይዞ በሰከንድ 166 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ለዚህ ሥራ የመረጥኩት ፒንክ ዜድ 2 የተባለውን የኤፍፒጂኤ (የውስጥ ዑደቱ እንደተፈለገ እንደገና ሊዋቀር የሚችል ቺፕ) ቦርድ ሲሆን፣ ባሕር ዳር ውስጥ ለወራት ሠርቼበታለሁ።

ቦርዱ የያዘው ዚንክ 7020 ቺፕ በ650 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ ባለ2 ኮር አርም ፕሮሰሰርን፣ እንደገና ሊዋቀሩ ከሚችሉ 53,200 ሉቶች (ትንንሽ የሎጂክ ክፍሎች) ጋር ያጣምራል። የኤችዲኤምአይ መግቢያና መውጫ አለው፤ በዩኤስቢ ኃይል ስለሚሠራም ጀልባ ላይ በፓወር ባንክ አንቀሳቅሼዋለሁ።

የቦርዱ ትልቁ ጥቅም የዳታ ፍሰትን በተግባር ማስተማሩ ነው። የቺፑ ክፍሎች ዳታ በሚቀባበሉበት በአክሲ ስትሪም ደንብ ላኪው ዳታ መያዙን በቫሊድ፣ ተቀባዩ ዝግጁነቱን በሬዲ ያሳውቃል፤ ዳታው የሚያልፈውም ሁለቱ ምልክቶች በአንድ የክሎክ ምት ላይ ሲገጥሙ ብቻ ነው። ተቀባዩ ሲዘገይ መጠበቁ ወደ ኋላ እየተላለፈ እስከ ምንጩ ይደርሳል፤ ካሜራ ግን ስለማይጠብቅ፣ በመካከል ፊፎ (ዳታን በተራ የሚያቆይ ጊዜያዊ ማከማቻ) ካልተቀመጠ ፒክስሎች ይጠፋሉ። አረንጓዴውን ቅጠል ከውኃው የሚለየውን ክፍል በየክሎኩ አንድ ፒክስል እንዲቀበል አድርጌ ስጽፈው 100 ሜጋኸርትዝ በቂ ሆኖ አገኘሁት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የመጨረሻውን ዳታ የሚያመለክተውን ቲላስት ባለመላኬ ዲኤምኤው (ዳታውን ወደ ሜሞሪ የሚያስተላልፈው ክፍል) ሥራውን ሳይጨርስ፣ በፕሮሰሰሩ ላይ የሚሠራው የፓይተን ፕሮግራምም ሲጠብቅ ይቀር ነበር፤ ለጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የምመክረው ይህን ምልክት እንዲፈትሽ ነው።

ገዢ በጥንቃቄ ሊመዝነው የሚገባው የማስታወሻው (የሜሞሪው) ጉዳይ ነው። ቺፑ ውስጥ ያለው ማስታወሻ፣ ማለትም ብሎክ ራም፣ 630 ኪሎባይት ነው። እያንዳንዱን ፒክስል ከአጎራባቾቹ ጋር ለሚያሰላ 3 በ3 ማጣሪያ የሚያስፈልጉት ሁለት የምስል መስመሮች 7,680 ባይት ብቻ ስለሆኑ በቀላሉ ይገቡበታል፤ አንድ ሙሉ ምስል ግን 2.8 ሜጋባይት ያህል በመሆኑ ከቺፑ ውጪ ወዳለው ዲዲአር3 ማስታወሻ መውጣት አለበት። ይህ 512 ሜጋባይት ማስታወሻ የተገናኘው በ16 ቢት መስመር በመሆኑ በንድፈ ሐሳብ እንኳ በሰከንድ ከ2.1 ጊጋባይት አያልፍም፤ እሱንም ፕሮሰሰሩ ይጋራዋል። የሚዋቀረውን ክፍል ከዚህ ማስታወሻ ጋር የሚያገናኙት ባለ64 ቢት አራት ፈጣን በሮች በ100 ሜጋኸርትዝ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቢሞሉ በሰከንድ 3.2 ጊጋባይት ይጠይቃሉ። ስለዚህ ቦርዱን የሚያጠብበው የሉቱ ቁጥር ሳይሆን ይህ የማስታወሻ መንገድ ነው። እኔም እያንዳንዱን ደረጃ በማስታወሻ በኩል ማገናኘቱን ትቼ፣ ማጣሪያውንና ቆጣሪውን በቀጥታ ካያያዝኩ በኋላ ነው ፍሰቱ ሳይቆራረጥ የሄደልኝ።

የዲዛይን ሶፍትዌሩ ቪቫዶ ዲዛይኑን አጠናቅሮ እስኪጨርስ ጊዜ ይወስዳል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቀን ባትሪው ያልደከመ ላፕቶፕ ያስፈልጋል።

መስመር በመስመር የሚያልፍ ዳታ ላለው የፖሊ (የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት) ተማሪ ይህን ቦርድ ያለማመንታት እመክራለሁ። ምስልን ካለፈው ምስል ጋር እያነጻጸረ የእምቦጩን እንቅስቃሴ መከታተል የሚፈልግ ግን ከመግዛቱ በፊት ሰፋ ያለ የማስታወሻ መስመር ያለው ቦርድ ቢፈልግ ይሻለዋል።