ሃርድ ዲስክ ወይስ ኤስኤስዲ? ለዓመታት ለሚቀመጥ የግል መረጃ
የቤተሰብ ፎቶ፣ የሠርግ ቪዲዮና ስካን የተደረገ የትምህርት ማስረጃ ለረጅም ጊዜ ለማስቀመጥ ሃርድ ዲስክና ኤስኤስዲ (ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው፣ መረጃን በቺፕ ላይ የሚይዝ ማከማቻ) ሲነጻጸሩ ፍጥነት መመዘኛ ሊሆን አይገባም፤ ዋናው ጥያቄ መሣሪያው ከኤሌክትሪክ ተለይቶ መሳቢያ ውስጥ ሲከርም መረጃው ምን ይሆናል የሚለው ነው።

ኤስኤስዲ መረጃን የሚይዘው በጥቃቅን ሴሎች ውስጥ በታመቀ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ሲሆን፣ ይህ ቻርጅ ኃይል ሳያገኝ ሲቆይ ቀስ በቀስ ይመናመናል፤ ሙቀትም ያፋጥነዋል። ጄዴክ የተባለው የደረጃ አውጪ ማኅበር ለግል ተጠቃሚ የሚሸጥ ኤስኤስዲ የተወሰነለትን የመጻፍ አቅም (በዕድሜው ሊጻፍበት የሚችለውን ጠቅላላ የመረጃ መጠን) ከጨረሰ በኋላ፣ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ ኃይል መረጃውን እንዲጠብቅ የሚጠይቀው ለ1 ዓመት ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ ብዙ ያልተጻፈበት አዲስ ኤስኤስዲ ከዚህ በእጅጉ ይቆያል፤ ይሁን እንጂ እንደ ዱባይ ባለ ሞቃት ከተማ፣ የአየር ማቀዝቀዣው በጠፋ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ትቶት መሄድ አያስተማምንም።

ሃርድ ዲስክ በአንጻሩ መረጃውን በመግነጢስ ስለሚጽፍ ያለ ኃይል መቆየትን የተሻለ ይችላል፤ ዋጋውም ይረክሳል። ድክመቱ ተንቀሳቃሽ አካሉ ነው፤ እየሠራ ሳለ ከጠረጴዛ ቢወድቅ የንባብ ጭንቅላቱ የሚሽከረከረውን ሳህን ሊቧጭረው ይችላል። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማም ደጋግሞ ከመሞከር ይልቅ ወዲያው አጥፍቶ ለባለሙያ ማሳየት ይገባል።

በእኔ እምነት ለማስቀመጥ የሚመረጠው ሃርድ ዲስክ ነው፤ ነገር ግን አንድ ብቻውን አይበቃም። ሁለት ገዝቶ አንዱን ዘመድ ቤት ማኖርና በየዓመቱ ሁለቱንም ከፍቶ ፋይሎቹ በትክክል መነበባቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።