ስቶሪኮርን ሞከርኩት፦ 40 ደቂቃ ከአክስቴ ጋር

«እኔ ደግሞ ምን የሚወራ ነገር አለኝ ብለሽ ነው?»

ስልኬን መሃላችን ሳስቀምጥ አክስቴ ያለችኝ ይህንን ነው። እንደምትለኝ አውቄው ነበር። ስለ ሕይወቱ ሲጠየቅ እንዲህ የማይል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ከ40 ደቂቃ በኋላ ግን የምናገረው የጠፋኝ እኔ ነበርኩ።

የተጠቀምኩት የሚተዋወቁ ሰዎች እየተጠያየቁ ታሪካቸውን የሚቀዱበትን የስቶሪኮርን አፕ ነው። ብዙ ሰው በስም ቢያውቀውም ቁጭ ብሎ የሞከረውን ብዙም አላየሁም። ስለዚህ ምን እንደወደድኩለት፣ ምን እንዳልተመቸኝ በዝርዝር ልንገራችሁ።

ለማታውቁት መጀመሪያ ባጭሩ። ዴቭ አይሴይ የሚባል የሬዲዮ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2003 ኒው ዮርክ በሚገኘው ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ውስጥ አንዲት ትንሽ የድምፅ መቅጃ ክፍል ከፈተ፤ ስቶሪኮር የተጀመረው እንዲህ ነው። የሚተዋወቁ ሁለት ሰዎች ይገባሉ፤ እናትና ልጅ፣ ባልና ሚስት፣ የድሮ ጓደኛሞች። በሩ ይዘጋል። ለ40 ደቂቃ ያወራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። አንድ ቅጂ ለእነሱ ይሰጣቸዋል። ከፈቀዱ ደግሞ ሌላው በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሥር ባለው የፎክሎር (የሕዝብ ባህል) ማዕከል ይቀመጣል። የአብርሃም ሊንከን ወረቀቶች በተቀመጡበት ተቋም የአንዲት የጽዳት ሠራተኛ ድምፅም ይቀመጣል ማለት ነው። ይህ ነገር ገና ስሰማው ነው ልቤን የነካኝ።

ክፍሏ ስትመረቅ ሪባኑን የቆረጠው ስተድስ ተርክል ነበር። ያኔ 91 ዓመቱ ነው። ተርክል ለ45 ዓመታት ያህል በቺካጎ ሬዲዮ ላይ ሰው ሲያነጋግር የኖረ ሰው ነው፤ ታዋቂውንም፣ ብረት ፋብሪካ የሚሠራውንም፣ አስተናጋጇንም በአንድ ዓይነት ጉጉት ነበር የሚጠይቀው። የዚያን ቀንም ያነሳው ጥያቄ ይኸው ነበር፦ የዚህ ትልቅ ሕንፃ አርክቴክት ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ጡቡን የደረደሩት፣ ብረቱን የሰቀሉት፣ ወለሉን የጠረጉትስ እነማን ናቸው? ከዚያ ወዲህ ትልልቅ ሕንፃ ውስጥ በገባሁ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመጣብኛል።

እ.ኤ.አ. በ2015 አይሴይ ቴድ ከሚባለው የንግግር መድረክ የተሸለመውን 1 ሚሊዮን ዶላር አፑን ሠራበት። ስለዚህ ወደ መቅጃ ክፍል መሄድ ግድ አይደለም፤ ስልክ ካላችሁ በቂ ነው። ክፍያ የለውም። ከተዘጋጁት ጥያቄዎች ትመርጣላችሁ፣ የራሳችሁንም ትጨምራላችሁ፣ ትቀዳላችሁ፣ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ርዕስ ትሰጡታላችሁ። ለሁሉም ክፍት ይሁን ወይስ የግል ይቀመጥ የሚለውንም የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። በቴክኒክ በኩል ከዚህ የበለጠ የሚባል የለም። ድምፅ መቅዳት ማንኛውም ስልክ የሚችለው ነገር ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ጥያቄዎቹ ላይ ነው። አንዱ እንዲህ የሚል ነው፦ እስካሁን ነግረሽኝ የማታውቂው፣ አሁን ግን ልትነግሪኝ የምትፈልጊው ነገር አለ? እስቲ ይህንን ጥያቄ ተራ በሆነ ቀን፣ አብራችሁ ቁጭ ባላችሁበት፣ ከመሬት ተነስታችሁ ለአክስታችሁ ጠይቁ። አይወጣችሁም። እኔ 30 ዓመት ሙሉ አልወጣኝም። ቀይዋ መቅጃ ምልክት ስትበራ ግን ሁለታችንም ሌላ ሥራ ላይ ያለን መሰለን፤ እኔ ለመጠየቅ ፈቃድ አገኘሁ፣ እሷም ለመናገር ምክንያት አገኘች። ለእኔ የዚህ አገልግሎት ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ጥያቄ እንዳትጀምሩ ግን። እኔ ትንሽ በሆነ ነገር ነው የጀመርኩት። «እትዬ፣ ልጅ ሆነሽ ማታ ማታ ምን ትሠሪ ነበር?» አልኳት።

«ደብዳቤ እጽፍ ነበር።»

«ለማን?»

«ለሰው ነዋ።»

አክስቴ በ11 ዓመቷ የሰፈሩ ጸሐፊ ነበረች። ይህንን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። ያኔ በአካባቢያቸው ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ጥቂት ነበር፤ እሷ ደግሞ ፊደል ቶሎ ነው የለየችው። ማታ ማታ ሴቶች ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ሩቅ ላለ ባል፣ ሥራ ፍለጋ ለወጣ ልጅ ያጽፏታል። መልስ ሲመጣም የምታነበው እሷው ነች። አንዲት ሴት ለባሏ ልትለው ፈልጋ መናገር ያፈረችውን ሁሉ፣ አንዲት እናት ለልጇ የምትደብቀውን ችግር ሁሉ፣ ይህቺ የ11 ዓመት ልጅ ታውቅ ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ለእናቷም ጭምር፤ ከአንድ ጊዜ በቀር።

ከዚያ አንድ ማታ የሆነውን ነገረችኝ። አንዲት ሴትዮ ከልጇ የመጣ መስሏት ደብዳቤ ይዛ መጣች። አክስቴ ከፈተችው። የጻፈው ልጁ አልነበረም፤ የልጁ የሥራ ባልደረባ ነበር። ልጁ መሞቱን ነው የሚገልጸው። አክስቴ እናትየው ፊት ቆማ፣ ወረቀቱን ይዛ፣ ከእናትየው ቀድማ አወቀች።

«ምን አደረግሽ?» አልኳት።

ዝም አለች። በኋላ ቅጂውን ሳዳምጥ ቆጠርኩት፤ 19 ሴኮንድ ነው። ሲነገር አጭር ይመስላል፣ ቁጭ ብሎ ለሚጠብቅ ሰው ግን አያልቅም። አፌን ልከፍት ምንም አልቀረኝም ነበር። «ይቅር፣ ወደ ሌላው እንለፍ» ልላት ነበር። እንኳን አላልኩ።

«ደህና ነው ይላል አልኳት» አለችኝ። «ጽሑፉ አስቸገረኝ፣ የቀረውን ነገ በብርሃን አነብልሻለሁ ብዬ ሸኘኋት። ሌሊቱን ደብዳቤውን አንገቴ ሥር አድርጌ አደርኩ። ጠዋት ለእናቴ ነገርኳት።»

ቀሪውን ትልልቆቹ ሰዎች ተረከቡት። ሴትዮዋ ከወራት በኋላ እንደገና ወረቀት ይዛ መጣች፤ ለሌላኛው ልጇ ልታጽፍ። ስለዚያ ማታ አንዲት ቃል አላነሳችም። እንደተዋሸች ታውቅ ነበር? ይቅር ብላት ነው ወይስ ልጅ ናት ብላ ትታት? አክስቴ ይኸው እስከ ዛሬ ታስበዋለች። ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል።

እኔ አክስቴን የማውቃት በፀጥታዋ ነው። ወሬ አትወድም፣ የሰው ጉዳይ ሲነሳ ተነስታ ትሄዳለች እንላለን። ከየት እንደመጣ ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝምታዋን ሳይ የሚታየኝ አንገቷ ሥር ወረቀት ይዛ የተኛች ልጅ ነች።

ወደ ግምገማው ልመለስ። ስቶሪኮር ላይ አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለ። ከቅጂዎቹ የተመረጡት ተቆርጠውና አጥረው ኤንፒአር በሚባለው የአሜሪካ ሬዲዮ ዓርብ ጠዋት ጠዋት ይተላለፋሉ። 3 ደቂቃ አካባቢ ናቸው። በጣም ያምራሉ። ለምሳሌ በየጠዋቱ ለሚስቱ የፍቅር ደብዳቤ ይጽፍ የነበረ አንድ ተራ የብሩክሊን ሠራተኛ አለ፤ ካንሰር ይዞት ሊሞት ጥቂት ጊዜ ሲቀረው ከሚስቱ ጋር የተቀዱትን ሰምቼ መንገድ ላይ ቆሜ አልቅሻለሁ። ግን ብዙዎቹን በተከታታይ ስትሰሙ ሁሉም ወደ እንባ የሚያመሩ ይመስላችኋል። 40 ደቂቃ ወደ 3 ሲወርድ መጀመሪያ የሚጣለው መንተባተቡ፣ ወዲያ ወዲህ ማለቱ፣ ዝምታው ነው። የአክስቴ ታሪክ 3 ደቂቃ ቢሆን ኖሮ እነዚያ 19 ሴኮንዶች የሚተርፉ አይመስለኝም። ስለዚህ ምክሬ፣ አጫጭሮቹን ለመቅመስ ያህል ስሟቸው እንጂ የራሳችሁን ጨዋታ በእነሱ አትለኩት። የእናንተ ሊያሰለች ይችላል፣ ስለ ጉልበት ሕመም 8 ደቂቃ ሊወራ ይችላል። የእኛም እንዲሁ ነበር።

ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸርስ? የአውስትራሊያው ብሔራዊ ማሰራጫ ኤቢሲ «ኮንቨርሴሽንስ» የሚባል ፕሮግራም አለው፤ አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ሕይወቱን ይተርካል፣ ታዋቂም ይሁን ስሙ ተሰምቶ የማያውቅ። ጠያቂዎቹ ተዘጋጅተው ነው የሚመጡት። የት ላይ ቀስ እንደሚባል፣ የት ላይ እንደሚገፋ ያውቃሉ። መጠየቅ መማር ለሚፈልግ ከእነሱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ቢቢሲ ወርልድ ሰርቪስ ላይም እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ያለው «አውትሉክ» አለ፤ እሱ ወደሚያስደንቅ ታሪክ ያደላል፣ ከሞት የተረፈ፣ የጠፋ ወንድሙን ያገኘ። ጥሩ ነው፣ ግን አስገራሚ ነገር ያልደረሰበት ሰው እዚያ ቦታ ያለው አይመስለኝም።

ለየት የሚለው እ.ኤ.አ. በ2000 ዴንማርክ ውስጥ በሮስኪልድ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ የተጀመረው «ሂውማን ላይብረሪ» ነው። መጽሐፍ በመዋስ ፈንታ ሰው «ትዋሳላችሁ»፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ በጥርጣሬ ወይም በንቀት የሚያዩት ዓይነት ሰው፣ ርዕስ ተሰጥቶት ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል፣ የፈለጋችሁትን ትጠይቃላችሁ። ለማያውቁት ሰው መናገር የሚቀላቸው አሉና ይህም የራሱ ኃይል አለው። ከባዱ ግን የምታውቁትን ሰው መጠየቅ ነው ባይ ነኝ። የማታውቁት ሰው መልሱን ይሰጣችሁና ይሄዳል። አክስቴ ግን በማግስቱም አክስቴ ነች፤ የነገረችኝን ይዤ ነው የማያት።

ይህ ወደ አንድ ትልቅ ጉዳይ ይወስደኛል፣ ፈቃድ። ቀድታችሁ ስትጨርሱ ምን ክፍት ይሁን፣ ምን ይዘጋ የሚለውን ከምትቀዱት ሰው ጋር ሆናችሁ ወስኑ። አንዴ ለሁሉም ከተከፈተ በኋላ ማን እንደሰማው አታውቁም። ቅጂውን ለአክስቴ አሰማኋት። መነጽሯን አውልቃ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ «የደብዳቤውን ጻፊው፣ ሰዎቹ ሁሉ ሄደዋል። ሌላውን ግን እንዳትጽፊ» አለችኝ። ሌላው፣ ማለትም ያንን ከባዱን ጥያቄ ጠይቄያት የመለሰችልኝ፣ የግል ሆኖ ተቀምጧል። እዚህም አልጽፈውም።

ለሚሞክር ሰው የሚጠቅም ጥቂት ነገር። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ እኔ ረስቼ 22ኛው ደቂቃ ላይ ተደወለና ወሬው ተቋረጠ፣ አክስቴን ወደነበረችበት ለመመለስ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ፍሪጅ ካለበት ክፍል ራቁ፣ ቅጂው ላይ ድምፁ ከእውነተኛው በላይ ጎልቶ ነው የሚሰማው። ባዶ ግድግዳ ያስተጋባል፣ መጋረጃና አልጋ ያለበት ክፍል ይሻላል። ጥያቄውን ከስልኩ ላይ እያያችሁ አታንብቡ፣ ቀድማችሁ በወረቀት ጻፉት። 6 ጥያቄ ይበቃል፤ እኔ 15 ይዤ ሄጄ 5ቱን ብቻ ነው የጠየቅኩት። ደግሞ ቀኑን ወይም ዓመተ ምሕረቱን ተሳስቶ ሲናገር አታርሙት። መቼ ሆነ የሚለውን በኋላ ታጣራላችሁ።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ደግሞ ነበር። ወደ መጨረሻ አካባቢ አክስቴ ወረቀቴን ከእጄ ወሰደችና ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። አንዱ ላይ ጣቷን አደረገች። «እሺ፣ አንቺስ?» አለች። እኔ የመጣሁት ልጠይቅ እንጂ ልጠየቅ አልነበረም። መለስኩላት። ድምፄን ቅጂው ላይ ስሰማው የሌላ ሰው ነው የሚመስለው።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አንዱን ያስቀረሁት ለእነዚያ ባለ 3 ደቂቃዎቹ ነው። አፑን ራሱን ግን ዛሬውኑ አውርዱት እላለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ አባቴን ልቀዳው ተቀጣጥረናል። ስነግረው «እኔ ደግሞ ምን የሚወራ አለኝ?» አለ፤ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ስንት ሰዓት እንደምመጣ ጠየቀኝ።